ልጅዎ ፌንሲንግ ጀምራለች፤ ምን ጫማ ይግዙላት?

ጥያቄው፦ «የ12 ዓመት ልጄ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ፌንሲንግ (የሰይፍ ግጥሚያ ስፖርት) መማር ከጀመረች ጥቂት ወራት ሆኗታል። የምትለማመደው በወንድሟ የሩጫ ጫማ ነው። አንድ ጊዜ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባታል፤ አሁን ደግሞ ከልምምድ ስትመለስ ቀኝ ተረከዟን ያማታል። አሠልጣኟ የፌንሲንግ ጫማ እንድንገዛላት ነግሮናል፤ ዋጋው ግን ከአቅማችን በላይ ሆነብን። ስታዲየም ዙሪያ ስንጠይቅ ነጋዴዎቹ ሁሉም ስፖርት ጫማ አንድ ነው ይሉናል። እህቴ በክረምት ከዋሽንግተን ትመጣለች። እሷ ታምጣልን ወይስ እዚሁ የሚገዛ ነገር አለ?»

እህቴ፣ እያደገ ላለ የ12 ዓመት እግር እውነተኛውን የፌንሲንግ ጫማ መግዛት አያስፈልግም። የወንድሟን የሩጫ ጫማ ግን ከሚቀጥለው ልምምድ ጀምሮ ያስቀሩት። ለኪስም ለእግርም የሚስማማው የአዳራሽ ስፖርት ጫማ ነው፤ ማለትም ለእጅ ኳስ፣ ለመረብ ኳስ፣ ለባድሜንተን ወይም ለአዳራሽ እግር ኳስ ተብሎ የተሠራ፣ ዝቅ ያለ፣ ሶሉ ጠፍጣፋ ጎማ የሆነ ጫማ። እሱ እዚሁ አዲስ አበባ ይገኛል። አሠልጣኙን አይቀየሙት፤ ልጅቷ አሁን በምትጫማው ጫማ መቀጠል የለባትም ማለቱ ከሆነ ልክ ነው።

ነጋዴዎቹ «ሁሉም አንድ ነው» ማለታቸውም ከተንኮል አይመስለኝም። ከተማችን የሯጮች ከተማ ናት፤ ስፖርት ጫማ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሩጫ ጫማ ነው፤ መደርደሪያውም በዚያው ተሞልቷል። እኔን ይልቅ የሚያስቀኝ «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው በባዶ እግሩ አይደል እንዴ?» እያለ ጫማ ምንም ለውጥ አያመጣም የሚለው ሰው ነው። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በባዶ እግሩ አሸነፈ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ተጫምቶ አሸነፈ። በሁለቱም ጊዜ ግን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን የሮጠው ወደ ፊት ብቻ ነው።

በፌንሲንግም ተጋጣሚዎቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለሱ ይመስላል። መጋጠሚያው 14 ሜትር ርዝመት፣ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ መስመር ነው፤ ወደ ጎን የሚኬድበት ቦታ እንኳ የለውም። ነገር ግን ልጅዎ ለመጋጠም ተዘጋጅታ ስትቆም እግሮቿን ልብ ብለው ይመልከቱ። የፊተኛው እግር ጣቶች ተጋጣሚዋን ያመለክታሉ፤ የኋለኛው እግር ግን ተዞሮ ከፊተኛው ጋር የ90 ዲግሪ ማዕዘን ይሠራል። ስለዚህ ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ፊት በሄደች ቁጥር የኋላ እግሯ የሚሄደው ወደ ጎን ነው። ስትገፋም የምትገፋው በእግሯ የውስጥ ጠርዝ ነው። የሩጫ ጫማ ይህን ሥራ እንዲሠራ ታስቦ አልተሰፋም።

የሩጫ ጫማ ሶል ወፍራምና ለስላሳ ነው። ለጎዳና ውድድር እስከ 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይፈቀዳል፤ በተለመደው የልምምድ ጫማ ደግሞ ተረከዙ ከጣቶቹ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ወደ ፊት ለሚሮጥ ሰው ይህ ጥቅም አለው። ወደ ጎን ለሚገፋ ግን ለስላሳው ሶል በአንድ ጠርዙ ይጨፈለቅና ከፍ ብሎ የተቀመጠው እግር ይጋደላል። የልጅዎ ቁርጭምጭሚት የዞረው በዚህ ይመስለኛል። ጫማው የወንድሟ ስለሆነ ሰፍቷትም ይሆናል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ መዞሩ ዕድለኛ ያሰኛታል።

የፊት እግር ችግር ሌላ ነው። ዋናው የማጥቂያ እንቅስቃሴ ላንጅ ይባላል። የኋላ እግር ወለሉን ገፍቶ ይዘረጋል፤ የፊት እግር ጣቶቹን ቀና አድርጎ፣ ከመሬት እምብዛም ሳይርቅ ይወረወርና በተረከዙ ያርፋል፤ ከዚያ መላ ውስጥ እግሩ ወለሉ ላይ ይተኛል። በዚህ ጊዜ የኋላው እግር በውስጥ ጠርዙ ወለሉን እየፋቀ ይጎተታል። ለፌንሲንግ ብቻ የተሠራው ጫማ ከሌሎች የሚለየው በእነዚሁ ሁለት ቦታዎች ነው፦ ተረከዙ ከኋላ ክብ ሆኖ ወደ ላይ ስለሚወጣ እግሩ ሲያርፍ ይንከባለላል፤ በውስጥ ጎኑ፣ አውራ ጣቱ አካባቢ ደግሞ መፋቅ የሚችል ተጨማሪ ሽፋን አለው። ለዚህ ሲባል እንደ አዲዳስና ናይኪ ያሉ ኩባንያዎች የሚያወጡት ጫማ በውጭ ገበያ ከ100 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። በየዕለቱ ለሚለማመድ ተወዳዳሪ ገንዘቡ የባከነ አይደለም። እግሯ በየጥቂት ወሩ ለሚያድግ ጀማሪ ግን ክብ ተረከዝ የሚሰጠው ጥቅም የዚያን ያህል ዋጋ የለውም።

የተረከዟን ሕመም ከጫማው ነጥለን እንየው፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የሚያማት ቀኙ መሆኑ ልጅቷ በቀኝ እጇ እንደምትጋጠም ይነግረኛል፤ የቀኝ እጅ ተጋጣሚ የፊት እግር ቀኙ ነውና። በዚህ ዕድሜ የተረከዝ አጥንት ገና አድጎ አልጨረሰም። የአኪለስ ጅማት ከሚያያዝበት ከኋለኛው ጫፍ ላይ ያለው የማደጊያ ክፍል በተደጋጋሚ ምትና መወጠር ይቆጣል፤ ከ8 እስከ 14 ዓመት ባሉ ስፖርተኛ ልጆች ላይ የተለመደ ነው። ተረከዟን ከግራና ከቀኝ በጣቶችዎ ጨመቅ ያድርጉት። ካመማት ሕመሙ እስኪበርድ ድረስ ላንጅ ትተው፤ የእጅ ሥራዋን ትለማመድ፤ ሐኪምም ይያት። የምታነክስ ከሆነ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅሳት ከሆነ ቀጠሮውን ለሚቀጥለው ሳምንት አያሳድሩት።

ጫማ ውስጥ ተረከዝ ሥር የሚገባ የሲሊኮን ድጋፍ በየመድኃኒት ቤቱ ይሸጣል፤ ዋጋው ከጫማ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የሚሰጠው ፋታ ግን ብዙ ነው። በሁለቱም ጫማ ይግባ፤ አንዱ እግር ከፍ ብሎ ሌላው ዝቅ ብሎ መቅረት የለበትም። የአዳራሹንም ወለል ይዩ። ፓርኬ ትንሽ ይለጠጣል፤ ሊሾና ሴራሚክ ግን ምቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ተረከዝ ይመልሱታል። ወለሉ ሊሾ ከሆነ አሠልጣኙ የላንጅ ልምምዱን ቀጭን የጎማ ምንጣፍ ላይ እንዲያደርገው ይጠይቁት፤ ይህ የሚያስቀይም ጥያቄ አይደለም። አንድ ቀን ዳር ቁጭ ብለው ጆሮዎን ጣል ያድርጉ፤ ልጅቷ ላንጅ ስታደርግ ተረከዟ ወለሉን «ጧ!» እያደረገ የሚመታ ከሆነ እግሯን ከመጠን በላይ እያነሳች ነው። ይህን የሚያርመው አሠልጣኙ እንጂ ጫማ አይደለም።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። ዋጋ በብር አልጽፍልዎትም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ በወሩ ያረጃል። መመዘኛውን ከያዙ ግን የትም ቢገቡ አይታለሉም።

ጫማውን አንስተው መጀመሪያ ከጎኑ ይዩት። ተረከዙ ከፊቱ ጎልቶ ከፍ ካለ፣ ወይም ሶሉ ከኋላ በኩል ከእግር አልፎ የወጣ ከሆነ መልሰው ያስቀምጡት፤ የወጣው ጠርዝ በላንጅ ጊዜ ቀድሞ ወለል ይነካና እግሩን በጥፊ ያወርደዋል። ቀጥሎ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው እጅዎን ውስጡ ያስገቡና ወደ ውጭ ጎን ይግፉት። እጅዎ ከሶሉ ጠርዝ አልፎ ከወጣ የልጅዎም እግር ይወጣል። አፍንጫውንና ተረከዙን ይዘው ያጥፉት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው፤ መሀሉ ላይ ከታጠፈ ወይም እንደ እርጥብ ፎጣ ከተጠመዘዘ አይሆንም። የተረከዙን ጀርባ በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ መሟሸሽ የለበትም።

ከዚያ ሶሉ ነው። የአዳራሽ ጫማ ሶል ብዙውን ጊዜ ቡናማ ወይም ነጣ ያለ ለስላሳ ጎማ ነው። በደረቅ መዳፍዎ ጫን ብለው ይግፉት፤ ጎማ ከሆነ መዳፍዎን ይይዘዋል፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይንሸራተታል። ነጭ ወረቀት ላይ ሲፈትጉት ጥቁር መስመር የሚተው ከሆነም ይተውት፤ የአዳራሹ ጥበቃ ራሱ አያስገባትም። ይህ የመዳፍ ፈተና ዛሬ በተለይ ያስፈልጋል። የአዲዳስ ሳምባና ስፔዚያል አሁን የወጣቱ የዘወትር ጫማ ሆነዋል፤ ሲፈጠሩ ግን አንዱ ለእግር ኳስ፣ ሌላው እ.ኤ.አ. በ1979 ለእጅ ኳስ ነበር የተሠሩት፤ ዝቅታቸውና የጎማ ሶላቸው ከዚያ የመጣ ነው። ገበያውን የሞላው አስመስሎ የተሠራው ነው፤ መልኩ ቁርጥ እሱን ይመስላል፤ ሶሉ ግን ደረቅ ፕላስቲክ ነው። በሊሾ ላይ፣ ያውም አቧራ ባለበት፣ እንደዚህ ያለ ሶል አደጋ ነው።

ከዓይነቶቹ የቱ ይሻላል ካሉኝ፣ እኔ የማስቀድመው የመረብ ኳስና የባድሜንተን ጫማ ነው። ወደ ጎን ለመግፋት የተሠሩ ናቸው፤ ቀላል ናቸው፤ ተረከዛቸው ሥር ለፊት እግር የሚበቃ ልስላሴ አላቸው። ከአሲክስ ኩባንያ ጫማዎች ጄል ሮኬትና አፕኮርት የሚባሉት በዚህ ዘርፍ ረከስ ካሉት ውስጥ ናቸው፤ ሰልባጅ ውስጥ ስማቸውን ካዩ ቆም ይበሉ። የእጅ ኳስ ጫማም እኩል ይሄዳል። ሆኖም ስታዲየም ዙሪያ በቀላሉ የሚያገኙት የአዳራሽ እግር ኳስ ጫማ ነው፤ ታኬታ የሌለው፣ ጠፍጣፋ ሶል ያለው። እሱም ደህና ነው፤ አፍንጫው ኳስ ለመምታት ስለተጠናከረ መፋቅን ይችላል። ጉድለቱ ተረከዙ ሥር ልስላሴ አለመኖሩ ነው፤ ለልጅዎ ያለ ሲሊኮን ድጋፍ አልመክረውም። የቅርጫት ኳስ ጫማ ከባድ ነው፤ ይተውት። የቦክስና የቴኳንዶ ጫማ ከታች ባዶ እግር እንደመሆን ነው። ሸራ ጫማ ጠፍጣፋነቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ጎኑ እግርን አይይዝም፤ ሌላ እስኪገኝ ቢያገለግል ነው።

ሰልባጅ መግዛት አያሳፍርም፤ ደህና የአዳራሽ ጫማ ብዙ ጊዜ የሚገኘውም እዚያ ነው። ውጭ አገር ተማሪ አንድ ዓመት ተጫምቶት እግሩ ሲያድግ የጣለው ጫማ መርካቶ ደርሶ ይገኛል። ግን አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ሶል ውስጡ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ይሠራል፤ ይህ ነገር ሳይለበስም እንኳ ዕርጥበት እየበላው በዓመታት ውስጥ ይሞታል። ጫማው ከላይ ሲታይ አዲስ ነው፤ ሁለተኛው ልምምድ ላይ ሶሉ እንደ ፍርፋሪ ይረግፋል። ስለዚህ ከላዩ ንጽሕና ይልቅ ጎኑን ይመርምሩ። ሶሉ መሀል ያለውን ለስላሳ ንብርብር በጥፍርዎ ጫን ያድርጉት፤ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከሞላ ሕይወት አለው፤ ከተሰነጠቀ ወይም ዱቄት ከለቀቀ በነጻም አይውሰዱት። በሚታጠፍበት ቦታ ያለውን ማጣበቂያ ዘርጋ አድርገው ይዩ። የቀድሞው ባለቤት ሶሉን በአንድ ወገን በልቶት ከሆነም ለልጅዎ አይሆናትም።

ልኩን በተመለከተ፣ «ታድግበታለች» ብለን ሁለት ቁጥር አስበልጠን የመግዛት ልማዳችን ለደንብ ልብስ ይሁን። በአውሮፓ አቆጣጠር አንዱ ቁጥር ከሌላው በ6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበልጣል፤ ሁለት ቁጥር ሲያስበልጡ እግሯ ጫማ ውስጥ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ይዋኛል። በላንጅ ጊዜ እግር ወደ ፊት ተንሸራቶ ጣቶችን ከአፍንጫው ያጋጫል፤ ቁርጭምጭሚትም በሰፊ ጫማ በቀላሉ ይዞራል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ክፍተት ይበቃል። ሲለኩ ልጅቷ የምትለማመድበትን ረጅሙን ካልሲ ታድርግ፤ ሰዓቱም ወደ ማታ ይሁን፤ ውሎ የቆመ እግር ከጠዋቱ ያብጣል። ሱቁ ውስጥ ቆማ ብቻ አትለካ፤ ሻጩ ቢያጉረመርምም ሁለት ላንጅ ታድርግ።

የተገዛው ጫማ የመጀመሪያ ጉዳት የሚታይበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የኋላ እግር ጫማ የውስጥ ጎን፣ ከአውራ ጣቱ አጠገብ። ለልጅዎ ይህ የግራው ጫማ ነው። እስኪቀደድ አይጠብቁ፤ እንደተገዛ ለጫማ ሰፊ ይስጡት። እኔ የማሠራው እንዲህ ነው፦ ቀጭን ቆዳ በግማሽ መዳፍ መጠን ይቆረጣል፤ የጫማው ጎን በአሸዋ ወረቀት ሻከር ተደርጎ ማስቲሽ ይቀባል፤ ማስቲሹ ደረቅ ሲል ቆዳው ይለጠፋል፤ ከዚያ በወስፌ ዙሪያውን ይሰፋል። በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ አይቆይም። ስፌቱ የሶሉን ጠርዝ ተከትሎ ዝቅ ብሎ ይሂድ፤ ቆዳው ግን ከሶሉ በታች እንዳይወርድ ጫማ ሰፊውን አስጠንቅቁት፤ ከወረደ ወለል ይይዝና ይጥላታል። ቆዳው ሲያልቅ ቆዳው ብቻ ይቀየራል። በዚህ መንገድ ርካሹ ጫማ የውዱን ግማሽ ሥራ ይሠራል።

ጫማው የአዳራሽ ብቻ ይሁን። ልጅቷ በሌላ ጫማ ሄዳ እዚያ ትቀይር። የመንገዱ አሸዋ ለስላሳውን ጎማ ይበላዋል፤ የሚገባው አቧራም ያንሸራትታል። ከልምምድ በፊት ሶሉን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ በቂ ነው። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ማስቲሹ ይለቃል።

ወደ ዋሽንግተኗ እህትዎ ልመለስ። ጫማ ታምጣ ካሉ የመረብ ኳስ ወይም የባድሜንተን ጫማ ትግዛ፤ እዚያ የወቅቱ ሽያጭ ሲያልቅ ዋጋው ይወርዳል። ችግሩ ልኩ ነው። የአሜሪካ የሴትና የወንድ ቁጥር ለአንድ እግር በአንድ ተኩል ገደማ ይለያያል፤ የልጆች ቁጥር ደግሞ የራሱ ነው፤ በስልክ «36 ናት» ብሎ መንገር ለስህተት ይዳርጋል። ልጅቷ ካልሲ አድርጋ ወረቀት ላይ ትቁም፤ ተረከዟ ግድግዳ ይንካ፤ የረጅሙን ጣት ጫፍ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ሁለቱንም እግር ይለኩ፤ የሚበልጠውን በሴንቲ ሜትር ይላኩላት። በጫማው ምላስ ውስጥ በሴንቲ ሜትር የተጻፈ ቁጥር አለ፤ እህትዎ እሱን ትከተል። መለካቱን ከመነሻዋ አንድ ወር በፊት ያድርጉት እንጂ አሁን አይሁን፤ እግሩ እስከ ክረምት አንድ ቦታ አይቆምም።

ሻንጣዋ ውስጥ ለአንድ ዕቃ ብቻ ቦታ ካለ ግን፣ ከጫማ ይልቅ የራሷ ጭምብል ይሁን። የዓለም አቀፉን የውድድር ደረጃ በሚያሟላ ጭምብል ላይ የአንገት መሸፈኛው 1600 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) መቋቋም አለበት፤ ለጀማሪ 350 ኒውተን የሚለው ምልክት ያለበት ይበቃል። እንዲህ ያለ ነገር ጫማ ሰፊ አይሠራውም፤ መርካቶም አይገኝም። ከገዛች በኋላ ልጅቷ የክለቡን ጭምብል ለሌላ ልጅ ትለቃለች፤ የሌላ ሰው ላብም አትቀባም።